የተሰፋና የተለጠፈ

ሰማያዊውን አልበም እስከ ሐራ ተሸክሜ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ኋላ ጥፋቱን በጦርነቱ ወይም በቆላው ሙቀት እንዳላላክክ።

ጊዜው 1988 ዓ.ም. ነው። ገና ጀማሪ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩ። ለአክስቴ ስጦታ ልገዛ መርካቶ ወጣሁና ነጠላ ይሁን ጃንጥላ ስል ቆይቼ ዓይኔ አንድ አልበም ላይ አረፈ። ወፍራም ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ሽፋኑ ላይ የፏፏቴ ሥዕል አለበት። ገጹን የሸፈነውን ላስቲክ ትገልጣላችሁ፣ ፎቶውን ታስቀምጣላችሁ፣ ላስቲኩን ትመልሳላችሁ፤ አለቀ። ሙጫ የለ፣ መቀስ የለ። ሥልጣኔ ማለት ይኸ ነው አልኩና ገዛሁት። የዚያን ዘመን ሰው ያስታውሰዋል፤ ቡናው እስኪፈላ እንግዳ ጭን ላይ የሚቀመጠው አልበም አብዛኛው እንደዚያ ያለ ነበር።

ሐራ ከወልድያ ወደ ቆላው ወረድ ብላ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው የባቡር መስመር መድረሻው ሐራ ገበያ ነው ስለተባለ ስሟን የሰማ ሰው አሁን ብዙ ነው። አክስቴ ስጦታዬን ተቀብለው መረቁኝ። ከዚያ እኔ፣ የተማርኩት ልጅ፣ አንድ ሥራ ጀመርኩ። ባለቤታቸው (አጎቴ ነው የምላቸው) በሕይወት ሳሉ ያዘጋጁት አሮጌ መዝገብ ነበር፤ ነጋዴ ሒሳብ የሚይዝበት ዓይነት፣ ረጅም፣ ጀርባው በቆዳ የተለበጠ። አጎቴ ፎቶ አልለጠፉበትም። ገጹን በምላጭ አራት ቦታ ሰንጠቅ አድርገው የፎቶውን አራት ጫፍ በስንጥቁ አሾልከው ነው የያዙት። ከሥር በጥቁር ቀለም ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ቀኑ መቼ እንደሆነ ጽፈዋል። በየመሐሉ የጋዜጣ ቁራጭ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የደረቀ ጤና አዳም ሳይቀር አለ። ይህ ሁሉ ለእኔ የችግር ምልክት መሰለኝ። ቁጭ ብዬ 31 ፎቶ ከመዝገቡ አወጣሁና ወደ ሰማያዊው አልበም አዛወርኩ። አክስቴ «ጽሑፉስ?» አሉኝ። «ጽሑፉ እዚያው ይቀመጣል» አልኩ።

ከ31ዱ አንዱ የልጃቸው ነበር። ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል። በ1981 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ፣ በዋዜማው ወልድያ ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሳው ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ኮሌታው እስከ ላይ የተቆለፈ፣ ፀጉሩ የተበጠረ። ከዚያ ከአስመራ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ሌላ አልመጣም። ሌላ ፎቶም የለውም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን ሲያዳርስ አክስቴ ከቤት ወጡ። ይዘው የወጡት መዝገቡን ነው። ለምን እሱን እንደመረጡ ስጠይቃቸው «በገመድ ይታሰራላ!» አሉኝ። ሰማያዊው ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ። ሲመለሱ ቁም ሳጥኑ ተሰብሯል፣ ልብሱ ተወስዷል፤ አልበሙን ግን የፈለገው የለም፤ ወለሉ ላይ ተጥሎ ደህና አገኙት። መንገድ ተከፍቶ ለለቅሶ ስሄድ ይህን በደስታ ነው የነገሩኝ። ከዚያ አልበሙን ከፈትኩት።

ገጾቹ የሻይ መልክ ይዘዋል። ሙጫው መስመር መስመር ሆኖ ቡኒ ወጥቶ በፎቶዎቹ ዙሪያ ይታያል። ባለቀለሞቹ ላይ ሰው ሁሉ ቀይ ሆኗል። የልጁን ገጽ ላስቲክ ቀስ ብዬ ስገልጥ ጠረር የሚል ድምፅ ሰማሁና እጄን ሰበሰብኩ። ግማሽ ፊቱ ከላስቲኩ ጋር ተነስቷል። ጦርነቱ አልነካውም። የገደልኩት እኔ ነኝ።

ነገሩን ለማወቅ የተነሳሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ዕድሜ ልኩን ግጥም ሲተነትን የኖረ ሰው ኬሚስትሪ ሲያነብ ማየት ያስቃል፤ ግን እንዲህ ነው። የእነዚያ አልበሞች ገጽ ርካሽ ካርቶን ነው። ካርቶኑ ከእንጨት ስለሚሠራ ሊግኒን የሚባል ነገር አለበት፤ አየርና ብርሃን ሲያገኘው እየጠቆረ አሲድ ያወጣል። (ጋዜጣ መስኮት ላይ ረስቶ የከረመ ሰው ሊግኒን ምን እንደሚሠራ አይቷል።) የተቀባው ሙጫ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፎቶውን ይለቃል፤ ሲቆይ ይደርቅና አለቅም ይላል። ላስቲኩ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ነው፤ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ኬሚካል ከዓመት ዓመት እየወጣ የፎቶውን ፊት ይይዘዋል። ስለዚህ ፎቶው ከሥር በሙጫ፣ ከላይ በላስቲክ ተጣብቆ ይቀራል። የባለቀለሞቹ መቅላት የአልበሙ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የእነዚያ ዓመታት ባለቀለም ፎቶ ወረቀት ጨለማ ውስጥም ቢቀመጥ ሰማያዊ ቀለሙን ቀድሞ ይጥላል። ጥቁርና ነጩ ግን ምስሉ የተሠራው ከብር ነው፤ ፎቶ ቤቱ በደንብ አጥቦት ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል። የልጁ ፎቶ መኖር የሚችል ፎቶ ነበር።

አጎቴስ ይህን ሁሉ በምን አወቁት? አላወቁትም። የመንግሥት ቢሮ ገብተው ጸሐፊ ከመሆናቸው በፊት የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ብራና ሲፋቅ፣ ቀለም ሲበጠበጥ አይተዋል፤ ያየ እጅ ነው የሠራው።

የብራና መጽሐፍን አሠራር ሥርግው ሐብለ ሥላሴ በ1981 እ.ኤ.አ. ሌይደን ላይ በእንግሊዝኛ ባሳተሙት መጽሐፍ ዘርዝረውታል። ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ እንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውም ፀጉሩም ተፍቆ ይደርቃል፤ እንደ ጫማ ቆዳ አይለፋም። መስመሩ በወስፌ ጫፍ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ካረረ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ተዘጋጅቶ ለወራት ይቆያል። ይህ ጥላሸት ቀላል ነገር አይደለም። የአውሮፓ ጸሐፊዎች ለብዙ ዘመን የተጠቀሙበት ከብረት ጨውና ከዛፍ ዕባጭ የሚሠራው ቀለም፣ ሲያረጅ የተጻፈበትን ወረቀት ራሱን የሚበላበት ጊዜ አለ፤ ፊደሉ ያለበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። የእኛ ጥላሸት ገጹን አይበላም፣ ብርሃንም አያፈዘውም። ጠላቱ ውኃ ነው፤ ሣር ክዳኑ ያፈሰሰ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስንት መጽሐፍ እንደታጠበ እግዜር ይቁጠረው።

ከዚያ ስፌቱ አለ። ጥራዙ ከጥራዝ፣ ጥራዙም ከእንጨት ገበታው ጋር በጅማት ይሰፋል። ሙጫ የሚፈለገው ቆዳውን ገበታው ላይ ለማልበስ ነው እንጂ ገጽ ለመያዝ አይደለም። ከዚያ መጽሐፉ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከእርጥበትም ከአይጥም ራቀ ማለት ነው። ሥዕል ያለበት ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ስስ ጨርቅ እንደ መጋረጃ ተሰፍቶ ታገኛላችሁ፤ ለክብርም ነው፣ ሥዕሉ ከፊት ለፊቱ ገጽ ጋር እንዳይፋተግም ነው። የድሮ ጥሩ አልበሞች በገጽና በገጽ መካከል የሚያደርጉት ስስ ወረቀት ሌላ ምን ሥራ አለው? የገበታው ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ የሐር ቁራጭ ተለጥፎ የሚገኝባቸው መጻሕፍት አሉ። ልብሱ ካለቀ ዘመን የለውም፤ ቁራጩ ግን አለ፤ ዛሬ ተመራማሪዎች ከእሱ ተነስተው የጨርቅ ንግዱን ይከተላሉ።

የተሰፋ ነገር ደግሞ ይፈታል። አድዋ አካባቢ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል ብራናው በሬዲዮ ካርቦን ሲመረመር ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በተደረገ ጥገና ገጾቹ ቦታቸውን ስተው ተሰፍተው ነበር። በዚህ ምዕት ዓመት የመጡ ባለሙያዎች ስፌቱን ፈትተው ገጾቹን አስተካከሉ። ያ ጥገና በሙጫ ቢሆን ኖሮስ ብላችሁ አስቡት።

ከሐራ ወደ ደሴ ስትሄዱ መርሳን፣ ውርጌሳን፣ ውጫሌን ታልፋላችሁ። (ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. በአንድ ወረቀት ሁለት ቋንቋ ምክንያት ስንት ደም የተፋሰስንባት ናት፤ እሱን ሌላ ቀን።) ከዚያ ሐይቅ ናት። የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል፣ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ የሚባለው፣ በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ነው። ወንጌሉ ወንጌል ነው፤ ግን በባዶ ገጾቹና በኅዳጉ ላይ የገዳሙ ንብረት ዝርዝር፣ ስጦታና ሌላም ማስታወሻ ሰፍሯል። በሌሎች አድባራት ወንጌልም ርስቱና ጉልቱ፣ የመሬት ክርክሩ፣ አንዳንዴም ደብዳቤው ተገልብጦበታል። ለምን ወንጌል ላይ? ወንጌልን ማንም አይቀድም፣ ማንም አያቃጥል፤ ጽሑፉን ለሚፍቅ ደግሞ ውግዘት ተጽፎለታል። አባቶቻችን የሚቆይ ዕቃ ፈለጉ፤ ያገኙትን የሚቆይ ዕቃ የመዝገብ ቤት አደረጉት። ታደሰ ታምራት በ1970 እ.ኤ.አ. የደብረ ሐይቅን አበምኔቶች ከ1248 እስከ 1535 ድረስ ሲያጠኑ እንዲህ ባሉ ማስታወሻዎች ነው የተረዱት። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሱ፣ ያንን ፊልም ሚኒሶታ ተቀምጠው ለዓመታት ሲያነቡና ሲመዘግቡ የኖሩት ጌታቸው ኃይሌም (በ2021 እ.ኤ.አ. ነው ያረፉት) ኅዳጉን እንደ ዋናው ጽሑፍ አክብረው ነው የመዘገቡት።

ወሎ ደግሞ የወንጌል ብቻ አገር አይደለም። የየጁ ዳና ዑለማዎች ደረሶቻቸውን ሎሕ ላይ በጥላሸት ቀለም አስጽፈው አስተምረዋል፤ ኪታቡ ግን ወረቀት ነው። ሑሴን አሕመድ የአሥራ ዘጠነኛውን ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ (በ2001 እ.ኤ.አ. ታተመ) ሲጽፉ ከሽማግሌዎች ቃል ጋር በአካባቢው የተገኙ የዐረብኛ ጽሑፎችን ተጠቅመዋል። በአገራችን ከሚገኙት ከእነዚህ ጽሑፎች አንዳንዶቹ ብርሃን ፊት ሲያዙ ሦስት ጨረቃ የሚታይባቸው ናቸው፤ በቀይ ባሕር በኩል የገባ የጣሊያን ወረቀት ነው። ከጨርቅ ጭረት ስለተሠራ ያ ወረቀት ዛሬም ሲታጠፍ አይሰበርም። በየቤታችን ያለው የ1960ዎቹ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ግን በእጃችን ላይ ይፈረፈራል። በዕድሜ ታናሹ ነው ቀድሞ የሚሞተው።

ይህን በቁጥር ያሳየው ዊልያም ባሮው የሚባል የቨርጂኒያ ሰው ነበር። ከ1900 እስከ 1949 እ.ኤ.አ. ከታተሙ መጻሕፍት 500 ወስዶ መርምሮ፣ በ1959 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ሲያወጣ፣ አብዛኞቹ ለሚቀጥለው ምዕት ዓመት እንደማይደርሱ ተናገረ። ጥፋቱ ወረቀቱ ቀለም እንዳይመጥ የሚጨመርበት አሲዳማ ነገርና የእንጨት ጥሬ ዕቃው ነው። ከአሲድ ነፃ የሆነ ወረቀት እንዲሠራ የገፋው እሱ ነው። የሚገርመው ግን ያው ባሮው ከ1930ዎቹ ጀምሮ አሮጌ ሰነዶችን በሁለት ስስ ላስቲክ መካከል አድርጎ በሙቀት የሚያጣብቅ ዘዴ አስፋፍቶ ነበር። ቤተ መዛግብት በሺህ የሚቆጠር ሰነድ በዚያ ዘዴ አሸጉ፤ ዛሬ ባለሙያዎቻቸው ያንን ላስቲክ በኬሚካል ሲያላቅቁ ይውላሉ።

ስሙ ላሚኔሽን ነው። አዎ፣ ኮፒ ቤቱ ሁሉ «ላሚኔሽን እንሠራለን» ብሎ የሚለጥፈው። እኛ ዲፕሎማችንን፣ የልደት ካርዳችንን፣ የሟች አባታችንን አንድ ለእናቱ ፎቶ ላሚኔት እናስደርጋለን፤ ከማሽኑ ትኩስ ሲወጣ ደስ ይለናል። እኔም የአባቴን አስደርጌያለሁ። አንድ ጊዜ ሙጫው ቀልጦ ከገባ በኋላ መመለሻ የለውም፤ አንድ ጠርዙ ተከፍቶ እርጥበት ቢገባ ፎቶውን አውጥቶ ማድረቅ አይቻልም። ለመታወቂያ ይሁን። ለአባት ግን አይሁን።

ቤተሰብ ነገሩን እንደ ቀላል ያየዋል፤ «ፎቶ ነው እኮ!» ይላል። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት ገብቼ ነበር። ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው፤ ብዙው የትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ ነው፤ ከየቤቱ የመጣ። በአሰሳው ጊዜ ስንት ቤተሰብ በገዛ እጁ የልጁን ፎቶ ምድጃ ውስጥ እንደጨመረ የዚያ ዘመን ሰው ያውቃል። ግድግዳው ላይ ያሉት ከምድጃ የተረፉት ናቸው።

የአጎቴን መዝገብ በዚያ ዓይን መልሼ ያየሁት በዚህኛው ጉዞ ነው። ፎቶ ሲገባበት መዝገቡ እንዳያብጥ አጎቴ አንድ ገጽ እየዘለሉ አንድ ገጽ ቆርጠዋል፤ ከስፌቱ አጠገብ የጣት ስፋት ያህል ጉማጅ ትተዋል። ገጽ፣ ጉማጅ፣ ገጽ፣ ጉማጅ። አንድ ቦታ ላይ ግን ጉማጅ፣ ጉማጅ ሆነብኝ። የብራና ተመራማሪዎች ጥራዝ የሚቆጥሩት ለዚህ ነው፤ የጎደለው ገጽ ቦታውን ይዞ ይቀራል። «ይኸ የማን ነበር?» አልኳቸው አክስቴን። ዝም አሉ። ከዚያ «የእሱ ታናሽ ወንድም። በሰባ ዓመተ ምሕረት አጎትህ ራሱ ቆርጦ አቃጠለው፤ እያለቀሰ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው በቤተሰቡ መኖሩን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ሰማያዊው አልበም ላይ ቢሆን ኖሮ ላስቲኩ ተነስቶ ሌላ ፎቶ ይገባበት ነበር፤ ማንም አይጠይቅም።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ብዙ አይደለም። ከአሲድ ነፃ የሚል ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ከውጭ የሚልክ ዘመድ ካለ ይላክ፤ ከሌለ ሥዕል የሚሣልበት ወፍራም የጥጥ ወረቀት ይሻላል፤ ጥቁሩና ባለቀለሙ ካርቶን ይቅር። ፎቶው በማዕዘኑ ይያዝ እንጂ አይለጠፍ። መለጠፍ ግድ ከሆነ በስሱ የበሰለ የስንዴ ዱቄት ይሁን፤ ውኃ ይፈታዋልና። (ነፍሳት ይወዱታል፤ አልደብቃችሁም።) ስኮች ከቤት ይውጣ። ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል፣ ግፊቱም ፊቱ ላይ ይወጣል፤ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል። ግን ጻፉ። ስም የሌለው ፎቶ ከሁለት ትውልድ በኋላ የማንም አይደለም። የጋዜጣ ቁራጭ ጎረቤቱን ሁሉ ያበላሻል፤ ጥሩ ወረቀት ላይ ኮፒ አድርጉና ኮፒውን አስቀምጡ። ፌስታል ውስጥ አታስሩት፤ ያልበዋል። «አሁን ሁሉም ስልክ ላይ ነው» ለሚሉኝ ደግሞ፣ በዚያ ጦርነት ጊዜ መብራትና ኔትወርክ በጠፋበት ወራት ስልኩን የተነጠቀውን የሰሜን ወሎ ሰው ይጠይቁ።

ሰማያዊውን አልበም አዲስ አበባ አመጣሁት። ስስ የጥርስ ክር ከፎቶው ሥር አስገብቶ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ መጎተት ነው ዘዴው፤ አንዱን ፎቶ ለማላቀቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል። 19 ፎቶ ዳነ። ስምንቱ ተቀዷል፣ ሦስቱ ባዶ ወረቀት ሆኗል። የልጁን አልነካሁትም። ዙሪያውን በመቀስ ቆርጬ፣ ከነላስቲኩ ከነካርቶኑ፣ ወደ ሐራ መለስኩት።

መዝገቡ ላይ የእሱ ገጽ አለ። አራቱ ስንጥቆች አሉ፤ ከሥራቸው በጥላሸት ቀለም ስሙ፣ «ወልድያ» የሚለው፣ ቀኑም አሉ፤ ትናንት የተጻፈ ነው የሚመስለው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳቸው። «አብሽር፤ አንተ ምን ታውቅ ነበር» አሉኝ። ካርቶኑን በስንጥቆቹ ላሾልከው ሞከርኩ፤ ወፍራም ነው፣ አልገባም አለ። ገጹን እንዳያጠቁረው ከሥሩ ነጭ ወረቀት አደረግን። አክስቴ ተነሱና መርፌና ክር አመጡ።